ፎርማት ቢደረግም የሚመለሰው ቫይረስ

በዚህ እትም የቤተሰብ ኮምፒውተርን ከቫይረስ ስለመጠበቅና ከተጠቃ በኋላም ስለማዳን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አራቱን እናስተናግዳለን። የጠያቂዎቻችንን ስም ያላወጣነው በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ደብዳቤዎቹም ለአምዱ እንዲመቹ አጥረው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ያለው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። እኔ መምህር በመሆኔ የፈተና ጥያቄ አዘጋጅበታለሁ፤ ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን ትሠራበታለች፤ ታናሽ ወንድሟ ፊልም ያይበታል። ልጄ ጽሑፏን ኮፒ ቤት አሳትማ ስትመለስ ፍላሿ ውስጥ የነበሩት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነው አገኘቻቸው። ላፕቶፑን ጥገና ቤት ወስጄ ፎርማት አስደረግሁት፤ በሳምንቱ ያው ሆነ። ደግሜ አስደረግሁት፤ አሁንም ተመለሰ። በዚህ መካከል ዴስክቶፕ ላይ የነበረ አንድ የጽሑፏ ምዕራፍ ጠፋ። ኮምፒውተሩን ልለውጠው? (ከደሴ)

መልስ፦ ኮምፒውተሩን መለወጥ አያስፈልግዎትም፤ ፎርማት ማስደረጉንም ለጊዜው ያቁሙት። አብዛኛው ጥገና ቤት ቫይረስ ሲባል ቶሎ ፎርማት ወደ ማድረግ የሚሄደው ሥራው ፈጣንና ክርክር የሌለበት ስለሆነ ነው፤ ነገር ግን ቫይረሱ በየት በኩል እንደገባ ሳይታወቅ የሚደረግ ፎርማት የእርስዎን ፋይል ያጠፋል እንጂ መግቢያውን አይዘጋም።

በመጀመሪያ ፍላሹ ውስጥ ያሉት ፋይሎች በአብዛኛው እንዳልጠፉ ይወቁ። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ እውነተኞቹን ፎልደሮች የስውርነትና የሲስተም ፋይልነት ምልክት ሰጥቶ ከዓይን ይሰውራቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ያጉራቸዋል። በምትካቸው ተመሳሳይ ስምና ምስል ያላቸው ሾርትከቶችን ይደረድራል። ልብ ብለው ካዩዋቸው በምስሉ ግራ የታችኛው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች፤ መጠናቸውም አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ቢሆን ነው። አንዱን በቀኝ ክሊክ ነክተው ፕሮፐርቲስ የሚለውን ቢከፍቱና ታርጌት ከሚለው ቃል ትይዩ ያለውን መስመር ቢያነቡ፣ የፎልደር አድራሻ ሊሆን ይገባው የነበረው ቦታ ላይ አንድ ስክሪፕት (አጭር የትእዛዝ ፋይል) እንዲነሣ የሚያዝ ረጅም ትእዛዝ ያገኛሉ። ሰውየው ሾርትከቱን ሲከፍት በቅድሚያ ቫይረሱ ይነሣል፤ ቀጥሎም የተደበቀው ፎልደር ይከፈታል። የፈለገውን ፋይል ስላገኘም ምንም ሳይጠረጥር ሥራውን ይቀጥላል።

ይህ ዘዴ የተስፋፋበት ምክንያት አለው። ቀደም ባሉት ዓመታት ፍላሽ ገና ሲሰካ በውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ ይነሣ ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ዊንዶውስ 7 ላይ ለፍላሽ ዘጋው፤ በ2011 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ለቀደሙት ዊንዶውሶች ማስተካከያ አሠራጨ። ከዚያ ወዲህ የፍላሽ ቫይረስ ለመነሣት የሰው እጅ ያስፈልገዋል፤ ሾርትከቱም የተዘጋጀው ያን አንድ ክሊክ ለማግኘት ነው።

ሲያጸዱ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ ፍላሹን ቢያስተካክሉ ቫይረሱ ወዲያው መልሶ ስለሚደብቃቸው ድካምዎ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ፍላሹን ነቅለው ያስቀምጡና ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ በሚለው ፕሮግራም ውስጥ፣ ከፍተሻ ምርጫዎቹ መካከል የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን የሚለውን ያስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈትሻል። ይህን የምንመርጠው በሥራ ላይ ያለ ቫይረስ ራሱን ከፈታሹ ሊሰውር ወይም ፈታሹን ሊያሰናክል ስለሚችል ነው። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ፍተሻ አድርገው ፍላሹን ይሰኩት፤ ነገር ግን ውስጡን ሳይከፍቱ በቅድሚያ በቀኝ ክሊክ ያስፈትሹት። በመጨረሻም ከፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ስውር ፋይሎች እንዲታዩ ይፍቀዱና የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ያንሡ፤ ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። የጽሑፍ፣ የፎቶና የመሳሰሉትን ፋይሎች ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ፤ ሾርትከቶቹንና የማያውቋቸውን ፕሮግራሞች ይተዉ። ፎርማት መደረግ የሚገባው እንግዲህ ይህ ፍላሽ ነው።

ፎርማት በተደረገ በሳምንቱ የመመለሱ ጉዳይ ሁለት ነገር ያስጠረጥረኛል። አንደኛው ይኸው ፍላሽ ሳይጸዳ መልሶ መሰካቱ ነው። ሁለተኛው ጥገና ቤቶች ፎርማት የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ያለበትን ሲ ድራይቭን ብቻ መሆኑ ነው፤ ዲ ድራይቭ የደንበኛው ፋይል አለበት ተብሎ እንዳለ ይተዋል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በብዙ ሰው ዲ ድራይቭ ላይ ሶፍትዌር የሚባል፣ ከዓመት ዓመት ከጓደኛ ፍላሽ የተሰበሰቡ መጫኛዎች የታጎሩበት ፎልደር አለ። እንደ ሳሊቲና ራምኒት ያሉት ቫይረሶች ደግሞ በእነዚህ ጤናማ መጫኛዎች ውስጥ ራሳቸውን ያስገባሉ። ዊንዶውስ አዲስ ሆኖ ከተጫነ በኋላ ባለቤቱ የመጀመሪያ ሥራው የአማርኛ መጻፊያውን ከዚያ ፎልደር አውጥቶ መጫን ነው፤ በዚያው ቅጽበት ቫይረሱም ተመለሰ ማለት ነው። የእርስዎም ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ፎልደር ካለው ሳይራሩ ያጥፉት። ፓወር ግዕዝን የሚጠቀሙ ከሆነ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈውን ሳይሆን ከትክክለኛው ሻጭ የተገኘውን ይጫኑ፤ አለበለዚያም ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ ስላለው ከቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ መጨመር ይቻላል። ኪማን የተባለው ፕሮግራምም የአማርኛ መጻፊያን በነጻ ይሰጣል።

የጠፋውን ምዕራፍ በተመለከተ፣ ሁለት ጊዜ ዊንዶውስ በተጫነበት ዲስክ ላይ በማገገሚያ ሶፍትዌር የመገኘቱ ዕድል ጠባብ ነው፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከሆነማ የለም ቢባል ይቀላል። ይልቅ ለአማካሪዋ የላከችበትን ኢሜይል፣ ለጓደኞቿ የላከችበትን ቴሌግራም፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ጽሑፉ የታተመበትን ኮፒ ቤት ይጠይቁ። ኮፒ ቤቶች የደንበኛን ፋይል ዴስክቶፕ ላይ ገልብጠው ማተም ስለሚቀናቸው፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ተረስቶ ይገኛል። ይህ ለልጅዎ የምሥራች ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ የፈተና ጥያቄ እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ አይታተምም። ለሌላው ጽሑፍ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ለኮፒ ቤቱ መላክ ይሻላል፤ ፍላሽ የግድ ከሆነ ለኅትመት ብቻ የሚያገለግል፣ ሌላ ምንም የማይቀመጥበት አንድ ፍላሽ ይለዩ።

ጥያቄ፦ ልጃችን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ከአንድ የቴሌግራም ቻናል አውርዶ፣ ክራኩ (የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚያሠራው ፕሮግራም) እንዲሠራ አንቲቫይረሱን አጥፉ የሚለውን መመሪያ ተከትሎ ጫነ። ዊንዶውስ ራሱን እያደሰ ነው የሚል መስኮት ታየና ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሠርጋችን ፎቶም ሆነ የሟች አባቴ ቪዲዮ፣ ሁሉም ከስሙ መጨረሻ አራት የማናውቃቸው ፊደላት ተጨምረውበት አልከፈት አለ። በየፎልደሩ የተቀመጠው ጽሑፍ 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 ይበቃል ይላል። ብንከፍል ይመለስልናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የገለጹት ሁሉ፣ ከሐሰተኛው የማደሻ መስኮት እስከ ገንዘቡ መጠን ድረስ፣ ስቶፕ ወይም ዲጄቩ ከሚባለው የፋይል ቆላፊ ቫይረስ ጋር ይገጥማል። ይህ ቫይረስ ትልልቅ ድርጅቶችን ትቶ የግለሰብ ኮምፒውተሮችን የሚያጠቃ ሲሆን፣ ዋናው መንገዱም ክራክና የዊንዶውስ ማንቂያ የሚባሉት ፕሮግራሞች ናቸው። አንቲቫይረስ አጥፉ የሚለው መመሪያ ለክራክ የተለመደ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም፤ ሌባው ዘበኛውን አሰናብቱልኝ ማለቱ ነበር። ልጅዎን ግን ብዙ አይቆጡት፤ ይህን መመሪያ ጎልማሳውም እየተከተለ ይጭናል።

እንዲከፍሉ አልመክርም። ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ መክፈቻውን ለመስጠት የሚያስገድዳቸው ነገር የለም፤ የ72 ሰዓቱ ቅናሽም ሰው ተረጋግቶ እንዳያስብ የተደረገ የነጋዴ ዘዴ ነው። እከፍትላችኋለሁ እያሉ በቴሌግራም የሚያስተዋውቁትንም ይጠንቀቁ፤ ከመካከላቸው ከአጥቂዎቹ ጋር ተደራድረው ትርፍ የሚጨምሩ አሉ፤ ገንዘብ ተቀብለው የሚጠፉም አሉ።

አሁኑኑ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፤ ፎቶ ያለበት ሌላ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ወደዚህ ኮምፒውተር አይሰኩ። የተቆለፉትን ፋይሎችም ሆነ የገንዘብ መጠየቂያውን ጽሑፍ አያጥፉ፤ የጽሑፉ መጨረሻ ላይ የእርስዎ መለያ ተብሎ የተሰጠ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ፤ ተስፋዎ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቫይረሱ ሥራውን ሲጀምር ከባለቤቶቹ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ለእርስዎ ኮምፒውተር ብቻ የሚሆን ቁልፍ ለማምጣት ይሞክራል። በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት ከሌለ ወይም ሰርቨሩ ካልመለሰ ግን በውስጡ ይዞት በሚዞረው፣ ለብዙ ሰው በሚያገለግል የጋራ ቁልፍ ይቆልፋል። መለያው በላቲኑ የቲ ፊደልና በ1 ቁጥር ካበቃ የተቆለፈው በጋራ ቁልፉ መሆኑን ያመለክታል። በእኛ አገር መብራትና ኢንተርኔት ሲቆራረጥ እናማርራለን፤ ልጅዎ ሶፍትዌሩን በጫነበት ሰዓት ተቋርጦ ከነበረ ግን ለዚህ ጉዳይ ጠቅሟል። ኤምሲሶፍት የተባለው የደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የዚህን ቫይረስ 148 ዝርያዎች የሚፈታ መሣሪያ በነጻ አውጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ለመጡት ዝርያዎች መሣሪያው የሚሠራው የጋራ ቁልፋቸው ሲገኝ ብቻ ነው። መሣሪያውን ከድርጅቱ ወይም ኖ ሞር ራንሰም ከሚባለው፣ የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል እ.ኤ.አ. በ2016 ከደህንነት ድርጅቶች ጋር ከመሠረቱት አገልግሎት ብቻ ያውርዱ። ዛሬ ባይከፍትልዎት እንኳ የተቆለፉትን ፋይሎች ከነጽሑፉ ወደ አንድ ዲስክ ገልብጠው ያስቀምጧቸው፤ ቁልፉ ከወራት በኋላ ሊገኝ ይችላል።

ስለ አባትዎ ቪዲዮ ግን ከዚህ የተሻለ ተስፋ አለ። ይህ ቫይረስ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት ሲል ከእያንዳንዱ ፋይል የሚቆልፈው የመጀመሪያውን 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው። ለአንድ የጽሑፍ ፋይል ይህ ሁለንተናው ነው፤ ብዙ ሜጋባይት ላለው ቪዲዮ ግን ጫፉ ብቻ ነው። በዚያው ስልክ ወይም ካሜራ የተቀረጸ ሌላ ጤናማ ቪዲዮ ካለዎት፣ የተበላሸውን የመጀመሪያ ክፍል ከዚያ አስመስለው የሚጠግኑ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ጥቂት ሰከንድ ቢጎድል አብዛኛው ሊመለስ ይችላል። ሙከራው በቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ አይደረግ። በዚፕ ተጨምቀው የነበሩ ፎቶዎችም ከመጀመሪያው በስተቀር ብዙ ጊዜ ይወጣሉ። የሠርጉን ፎቶ በተመለከተ ደግሞ ፎቶ አንሺውን፣ በቴሌግራምና በዋትስአፕ የላካችሁላቸውን ዘመዶች፣ በስልካችሁ ላይ ያለውን ጎግል ፎቶስ አንድ በአንድ ይጠይቁ። በውጭ አገር ያለ ዘመድ ስልክ ውስጥ ሙሉ አልበም የተገኘበት ቤተሰብ አውቃለሁ።

ፋይሎቹ ወደ ጎን ከተቀመጡ በኋላ ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደገና መጫን እዚህ ላይ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። የይለፍ ቃል ሰራቂ ፕሮግራም አስከትሎ ይገባል፤ የአንቲቫይረስ ድርጅቶች ድረ ገጾች እንዳይከፈቱም ይዘጋል። ስለዚህ የኢሜይል፣ የባንክና የቴሌግራም የይለፍ ቃላችሁን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ለውጡ። ቴሌግራም ላይ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ተመልከቱና ከያዛችሁት ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወጡ፤ ይህ ሳይደረግ የይለፍ ቃል መለወጥ ብቻውን የተሰረቀውን ግንኙነት አያቋርጥም።

ጥያቄ፦ እናቴ ኮምፒውተር የምትጠቀመው መዝሙርና ዜና ለማየት ነው። ኮምፒውተርሽ በቫይረስ ተይዟል የሚል ማስታወቂያ በየደቂቃው ይወጣባት ጀመር፤ በላዩ ወዳለው ስልክ ደወለች። ያነጋገራት ሰው ከርቀት ኮምፒውተሩን የሚቆጣጠርበትን ሶፍትዌር አስጫናት፣ የባንክ ሒሳቧን አስከፈታት፣ በመጨረሻም የስጦታ ካርድ ገዝታ ቁጥሩን እንድታነብለት አደረገ። ኮምፒውተሩ አሁን ንጹሕ ነው ብሏታል። ማስታወቂያው ግን አሁንም ይወጣል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ መጀመሪያ ወደ ባንኩ ይደውሉ፤ ስልኩንም ከካርዱ ጀርባ ካለው ይውሰዱ እንጂ ከኢንተርኔት አይፈልጉ። የስጦታ ካርዱን ላወጣው ድርጅትም ደረሰኙን ይዘው ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ ገንዘቡ ገና ካልተነሣ ሊታገድ የሚችልበት አጋጣሚ አለ። ለአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቤቱታ ያስገቡ፤ በእናትዎ ስም ብድር እንዳይወጣም ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች፣ ማለትም ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ መዝገቧን እንዲዘጉት ይጠይቁ። ይህ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት ነው።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ ማስታወቂያው መጀመሪያውኑ ቫይረስ ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ድረ ገጾች ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው (ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ እያሉ፣ በእርግጥ ግን በማያ ገጹ ጥግ ላይ ማስታወቂያ የመላክ ፈቃድ ይወስዳሉ። በክሮም ማስተካከያ ውስጥ የድረ ገጾች ፈቃድ ከሚለው ሥር ኖቲፊኬሽንስን ከፍተው የማያውቋቸውን ሁሉ ቢያስወግዱ በዚያው ይቆማል። ሙሉ ማያ ገጹን ይዞ አልዘጋም የሚል ገጽ ከመጣ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ በአንድ ላይ ሲጫኑ በሚከፈተው ታስክ ማናጀር አሳሹን ይዝጉት። የማይክሮሶፍት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ የስልክ ቁጥር አይይዝም። ሰውየው ግን ኮምፒውተሩን ከርቀት ስለያዘው ምን እንደተወበት በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ከኢንተርኔት ለይታችሁ ፎቶና ሰነዶቿን ብቻ አውጡ፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫኑ፣ የይለፍ ቃሎቿን ከስልክ ለውጡ። እናትዎ አፍረው እንዳይደብቁ ነገሩን በገርነት ይያዙት፤ እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ የከፈለን ሰው ገንዘብሽን እናስመልስልሽ እያሉ እንደገና ይደውሉለታል፤ ያን ጊዜ እናትዎ ሊነግሩዎት ይገባል።

ጥያቄ፦ አንቲቫይረስ ገዝተን እንጫን ወይስ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ይበቃናል? የምንጠቀመው የሞባይል ዳታ ስለሆነ ማደሻውን ዘግተነዋል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለቤተሰብ አገልግሎት የዊንዶውሱ ዲፌንደር ይበቃል፤ ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላይ መጫን ግን ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል፣ እርስ በርሳቸውም ይጋጫሉ። በደብዳቤያችሁ ውስጥ ያሳሰበኝ ማደሻው መዘጋቱ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ተነሥቶ ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው ሁለት ወር ቀደም ብሎ በመጋቢት ነበር፤ የተጠቁት ማደሻውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ናቸው። ዳታ ለመቆጠብ ግንኙነቱን ሜተርድ (የዳታ ፍጆታው የሚቆጠብ) ብሎ መመደብ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በወር አንድ ጊዜ ላፕቶፑን ዋይፋይ ወዳለበት ቢሮ ወይም ዘመድ ቤት ወስዳችሁ አድሱት። የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ማደሻ ብቻውን፣ ከመቶ ሜጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አድርጎ ማይክሮሶፍት ያቀርባል፤ እሱን ቢሮ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ወደ ቤት መውሰድም ይቻላል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ አሳድጉት፤ ካልቻለ ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የተራዘመውን የደህንነት ማደሻ ከዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ መመዝገብ ትችላላችሁ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ማስተካከያዎቹን ወደ ክላውድ ለሚያስቀምጥ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለልጆች የአስተዳዳሪ መብት የሌለው የራሳቸው አካውንት ክፈቱላቸው፤ አዲስ ሶፍትዌር ለመጫን የእናንተን የይለፍ ቃል መጠየቅ ይጀምራል። የፎቶና የሰነዶቻችሁን ቅጂ የምትይዙበት ዲስክ ደግሞ ቅጂው ተወስዶ እንዳለቀ ይነቀል፤ እንደተሰካ የሚውል ዲስክ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቆለፋል።